ሚሲዮናውያኑ ሲመጡ እፎይ ላሉት አንባቢ

ጥያቄ፦ «የቺኑዋ አቼቤን ‹ቲንግስ ፎል አፓርት› በቅርቡ ጨረስኩ። ስለ ቅኝ ግዛት የተጻፈ ትልቁ የአፍሪካ ልብወለድ ነው ሲባል ሰምቼ ነው የጀመርኩት። ግን ከመጽሐፉ ከግማሽ በላይ ውስጥ ነጭ የሚባል የለም። ዋናው ሰውዬ ሚስቶቹን ይደበድባል። ‹አባቴ› እያለ የሚጠራውን ልጅ በገጀራ ይገድላል። መንደሩ መንትያ ሕፃናትን ጫካ ይጥላል። እውነቱን ለመናገር ሚሲዮናውያኑ ሲመጡ እፎይ አልኩ። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። አቼቤ ቅኝ ገዢዎቹን እያጸደቀ ነው ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? ሰውዬው ራሱን ሲሰቅል ማዘን ነበረብኝ? ደግሞስ ቅኝ ላልተገዛን ለእኛ ይህ መጽሐፍ ምን ይለናል? በንባብ ቡድናችን ልንወያይበት ስለሆነ መልስዎን እጠብቃለሁ።»

ምላሽ፦

እፎይታዎ ስህተት አይደለም። አቼቤ ራሱ ያዘጋጀልዎ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከእፎይታው ተነስተው «እንግዲያው ገዢዎቹ ልክ ነበሩ» ወደሚለው ሲዘሉ ነው። መጽሐፉ ይህን ዝላይ አይደግፍም። ከ16ኛው ምዕራፍ ወዲህ ያሉትን ገጾች ቀስ ብለው ካነበቡ ዝላዩን አንድ በአንድ ሲያፈርሰው ያያሉ።

ነጭ ሰው ለምን ዘገየ ከሚለው ልጀምር። ልብወለዱ 25 ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 13ቱ የኢግቦ ሕዝብ ስለሚኖርባት ስለ ኡሙኦፊያ ብቻ ናቸው። ነጭ ሰው ቢነሳ እንኳን እንደ ወሬ፣ እንደ ቀልድ ነው። ብዙ አንባቢ ይህን እንደ ረጅም መግቢያ ቆጥሮ «ዋናው ነገር መቼ ነው የሚጀምረው?» ይላል። ዋናው ነገር እሱ ነው። አቼቤ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ስለ ናይጄሪያ እንዲያነቡ ከተሰጧቸው መጻሕፍት አንዱ ጆይስ ኬሪ በ1939 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሚስተር ጆንሰን» ነበር። የእንግሊዝ ጋዜጦች ያወደሱት ልብወለድ ነው። ናይጄሪያውያኑ ተማሪዎች ግን አልወደዱትም። በራሳቸው አገር ታሪክ ውስጥ ያገኙት ሰው የሚስቅ፣ የሚጨፍር፣ በመጨረሻም በእንግሊዛዊ አለቃው እጅ ለመሞት የሚለምን የቢሮ ጸሐፊ ነበር። አገሩ የአውሮፓዊው ድራማ መድረክ፣ ሕዝቡም ከጀርባ የሚጮህ አጃቢ ነበር።

ስለዚህ አቼቤ 13 ምዕራፍ ሙሉ መድረኩን ባዶ አድርጎ ሕዝቡን አስገባበት። ዳኝነታቸውን፣ ሰርጋቸውን፣ ትግላቸውን፣ ዕዳቸውን፣ ሐሜታቸውን፣ አምላካቸውን አሳየ። ነጩ ሰው ሲመጣ አንባቢው የሚያውቃቸው ሰዎች ቤት ነው የሚገባው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ ከውስጥ ሆነን እናየዋለን። ይህ የአቀማመጥ ለውጥ ብቻውን ትልቅ የፖለቲካ ሥራ ነው።

መጽሐፉ የወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። የለንደኑ ሄይነማን መጀመሪያ 2,000 ቅጂ ነበር ያተመው። ናይጄሪያ ነጻ ልትወጣ ሁለት ዓመት ቀርቷት ነበር፤ አቼቤም ገና 30 አልሞላውም። እንከን የሌለበት፣ እንግሊዝ እስክትረብሸው ድረስ በሰላም ይኖር የነበረ መንደር ቢጽፍ ያን ጊዜ የሚያጨበጭብለት አያጣም ነበር። አልጻፈም። እንከን የሌለበት መንደርም ያው የኬሪ ውሸት ነው፤ የተገለበጠ ብቻ ነው። በሁለቱም ውስጥ ሙሉ ሰው የለም። እርስዎን ያስቆጣዎት ነገር ሁሉ፣ ዱላው፣ ገጀራው፣ መንትዮቹ፣ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው። አቼቤ ከአንባቢው ሊደብቀው አልፈለገም።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ፣ ወደ ኦኮንክዎ እንሂድ። እዚህ ላይ ማረም ያለብኝ ነገር አለ። በጥያቄዎ ውስጥ ሰውዬውንና መንደሩን አንድ አድርገዋቸዋል። አንድ አይደሉም። እንዲያውም የታሪኩ ሞተር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

10ኛውን ምዕራፍ እንደገና ይክፈቱት። ኡዞዉሉ የሚባል ሰው ሚስቱን ዘወትር ይደበድባል። ወንድሞቿ መጥተው ይወስዷታል። እሱ ደግሞ ጥሎሼ ይመለስልኝ ብሎ ይከሳል። ጉዳዩ የቀረበው ለዘጠኙ ኤጉጉ ነው፤ ጭምብል ለብሰው የአባቶች መንፈስ ሆነው ለሚፈርዱት። ሁለቱንም ወገን አዳመጡ፣ ገብተው መከሩ፣ ወጥተው ፈረዱ። ባልዬው አንድ እንስራ የዘንባባ ጠጅ ይዞ አማቾቹ ጋ ይሂድ፣ ሚስቱ እንድትመለስለት ይለምን አሉ። ከሴት ጋር መደባደብ ጀግንነት እንዳልሆነም በአደባባይ ነገሩት።

እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ቶሎ የሚታለፍ አንድ አንቀጽ አለ። የኦኮንክዎ ሚስቶች ከጭምብለኞቹ ሁለተኛው እንደ ኦኮንክዎ ነጠር ነጠር እያለ እንደሚራመድ ሳያስተውሉ አልቀሩም ይላል። ኦኮንክዎ ከሽማግሌዎቹ መካከል እንደሌለም አይተው ይሆናል። ቢያዩም ግን በሆዳቸው ያዙት። ልብ ይበሉ፤ ሚስቱን በትንሽ ነገር የሚመታው ሰው ራሱ ጭምብል ለብሶ በሚስት ደብዳቢ ላይ ከሚፈርዱት አንዱ ነው። አቼቤ ይህን አንድ ጊዜ ጣል አድርጎ ያልፋል። የመንደሩ ሕግ ከሰውዬው ይሻላል፤ ሰውዬው ግን ከሕጉ ውስጥ ተቀምጧል።

ወደ ሌላኛውም ጽንፍ አይሂዱ። ያ ችሎት ኡሙኦፊያን የሴቶች ገነት አያደርጋትም። ፍርዱ ካለቀ በኋላ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ተራ ነገር ኤጉጉ ፊት ለምን እንደሚቀርብ ሲገርመው እናያለን። ኦኮንክዎ በሰላም ሳምንት ትንሿን ሚስቱን ኦጂዩጎን ሲደበድብም የምድር አምላክ ካህን ይቀጣዋል፤ ፍየል፣ ዶሮ፣ ጨርቅና እንደ ገንዘብ የሚያገለግል መቶ ዛጎል። ቅጣቱ ግን የተቀደሰውን ሳምንት ስላረከሰ እንጂ ሴትዮዋን ስለመታ አይደለም። በሌላ ሳምንት ቢሆን ማንም አይጠይቀውም ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱንም መያዝ ነው።

በተገደለው ልጅ፣ በኢኬሜፉና ላይም እንደዚሁ። ልጁ ከምባይኖ የመጣው ለጠፋ ነፍስ ካሳ ሆኖ ነው። ሦስት ዓመት በኦኮንክዎ ቤት አደገ። ለኦኮንክዎ ልጅ ለንዎዬ ታላቅ ወንድም ሆነ። ኦኮንክዎም በልቡ ወደደው፤ ፍቅሩን ግን ማሳየት አልቻለም። ይገደል የሚለው ቃል ሲመጣ አዛውንቱ ኤዜኡዱ መጥቶ አስጠነቀቀው። ልጁ አባቴ ይልሃል፣ እጅህን አታስገባ አለው። ወዳጁ ኦቢዬሪካ ከገዳዮቹ ጋር አልሄደም። የቀረው በመቅረቱ ማንም አልቀጣውም። ስለዚህ ኦኮንክዎ ቤቱ ቢቀመጥ ይችል ነበር። ሄደ። ልጁ ተመትቶ ወደ እሱ ሲሮጥ ገጀራውን መዘዘ። ምክንያቱን አቼቤ በግልጽ ይጽፈዋል፤ ደካማ እንዳይባል ፈርቶ ነው።

ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? ከአባቱ። አባቱ ኡኖካ ዋሽንት ነፊ፣ ባለ ዕዳ፣ ማዕረግ ሳይሾም የሞተ ሰው ነበር። ኦኮንክዎ ዕድሜ ልኩን አባቱን ላለመሆን ይሮጣል። አባቱ ገር ስለነበር ገርነትን ጠላ። የመንደሩ ባህል ወንድነትን ያከብራል፤ እውነት ነው። ግን ያው ባህል እናትን የመጨረሻ መጠጊያ ያደርጋታል። ኦኮንክዎ በስህተት ሰው ገድሎ ለሰባት ዓመት ሲሰደድ የተጠጋው እናቱ ወገን ወደሆነው ምባንታ ነው። አጎቱ ኡቼንዱ ሰብስቦ የመከረውም ይህንኑ ነው። ሰውዬው አልገባውም። ከባህሉ የሚፈልገውን ግማሽ ብቻ ይዞ የኖረ ሰው ነው።

ለኦኮንክዎ ጥብቅና ለመቆም አይደለም ይህን የምለው። ቢጠሉት መብትዎ ነው። ግን ሴት ልጁን ኤዚንማን ካህኗ ቺዬሎ በሌሊት አዝላ ወደ ዋሻው ስትወስዳት ምን እንዳደረገ ያስታውሱ። ለማንም ሳይናገር ገጀራውን ይዞ ተከተለ። ዋሻው ጋ ደርሶ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። የልጅቱን እናት ኤክዌፊን ዋሻው ደጃፍ ያገኛት በአራተኛ ምልልሱ ነው። ጭንቀቱን ለሚስቱ እንኳን አልነገራትም። ገጀራ የያዘው ያው እጅ ነው፤ አንዴ ለመግደል፣ አንዴ ለመጠበቅ።

አሁን ወደ መንትዮቹ። ከጥያቄዎ ሁሉ ከባዱ እዚህ ላይ ነው፤ ቸኩዬ አላልፈውም።

ሚሲዮናውያኑ ከመምጣታቸው በፊት ይህ ልማድ ትክክል አይደለም ብሎ የተጨነቀ ሰው ኡሙኦፊያ ውስጥ ነበር? ነበር። ንዎዬ ገና ልጅ ሳለ ከእርሻ የቦዬ ቅርጫት ተሸክመው ሲመለሱ ጫካ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ሴቶቹ ድንገት ዝም ብለው እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። ያን ቀን በልጁ ውስጥ አንድ ነገር ይሰበራል። ኢኬሜፉና የተገደለ ማታም ያው ነገር እንደገና ይሰበራል። ኦቢዬሪካ ደግሞ አለ። በ13ኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ኦኮንክዎ ከተሰደደ በኋላ፣ ቁጭ ብሎ ያስባል። ሰው ሳያውቅ በሠራው ጥፋት ለምን ይህን ያህል ይቀጣል? መልስ አጣ። ከዚያ ሚስቱ የወለደቻቸውን፣ ራሱ የጣላቸውን መንትዮች አስታወሰ። ምን አጠፉ? አሁንም መልስ አጣ።

የቅኝ ግዛቱ ታሪክ ከመጀመሩ በፊት ያለው የመጨረሻ ትዕይንት ይህ ነው። አቼቤ እዚህ ያስቀመጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጥያቄው የተወለደው ከውስጥ ነው። ሕሊናው የአገር ቤት ሕሊና ነው። የጎደለው ጥያቄውን በአደባባይ የሚያነሳ ሰውና የሚያነሳበት ቦታ ነበር። ቤተክርስቲያኗ ስትመጣ ያንን ቦታ ሰጠች። መጀመሪያ የገቡባት እነማን እንደሆኑ ይቁጠሩ። ንዎዬ ገባ። አራት ጊዜ መንታ ወልዳ አራት ጊዜ የተጣለባት ነፍሰ ጡር ሴት ገባች። ኦሱ የሚባሉት፣ ከሰው ተገልለው የሚኖሩት ገቡ። ንዎዬን የሳበው ስብከቱ ሳይሆን መዝሙሩ ነው፤ ስለ ሥላሴ የተነገረው ምንም አልገባውም። መዝሙሩ በጨለማ ስለተቀመጡ ወንድማማቾች ሲያወራ፣ ለመንትዮቹና ለኢኬሜፉና ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መሰለው።

እርስዎ እፎይ ያሉት እዚህ ጋ ነው። ትክክል ብለዋል። አቼቤም ይህን ይክዳል ብለው እንዳይጠብቁ። አባቱ የሚሲዮን አስተማሪና ሰባኪ ነበሩ። እሱ ራሱ ኦጊዲ ውስጥ በክርስቲያን ቤት አልበርት ተብሎ ተጠምቆ ያደገ ነው። የንዎዬን ዓይነት ሰዎች እንደ ከሐዲ ሊጽፋቸው አይችልም፤ አልጻፋቸውምም።

ግን ቤተክርስቲያኗ ብቻዋን አልመጣችም። ብዙ አንባቢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በታሪኩ ቅደም ተከተል መዝሙሩ ጎልቶ ይሰማል፣ ጥይቱ ግን በወሬ ነው የሚመጣው። 15ኛውን ምዕራፍ ይመልከቱ። ኦቢዬሪካ ለስደተኛው ወዳጁ የአባሜን ወሬ ይዞለት ይሄዳል። አንድ ነጭ በብስክሌት መጣ። ሰዎቹ ፈርተው ገደሉት። ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አሰሩት። ቆየት ብሎ በትልቁ የገበያ ቀን ገበያው ተከበበ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ አባሜ የምትባል አገር ጠፋች። ይህ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በ1905 እ.ኤ.አ. ዶክተር ስቱዋርት የሚባል እንግሊዛዊ በብስክሌት ሲጓዝ መንገድ ስቶ አሂያራ አካባቢ ተገድሏል። የእንግሊዝ ጦር በአካባቢው ላይ የበቀል ዘመቻ አካሂዷል። ሚሲዮናውያኑ ምባንታ ገብተው መዝሙር ሲዘምሩ ሰሚዎቹ የአባሜን ወሬ ሰምተዋል። የሰማነው መዝሙር ከዚያ ተኩስ በኋላ የተዘመረ ነው።

ከዚያ የሚሆነውን ቀስ ብለው ይከታተሉት። ቤተክርስቲያን፣ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት፣ የንግድ መደብር ተከታትለው ይመጣሉ። ስለ መሬት ክርክር የሚነገረው አጭር ታሪክ 20ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። የነጩ ፍርድ ቤት መሬቱን ለመልእክተኞቹና ለአስተርጓሚው ገንዘብ ለሰጠው ቤተሰብ ፈረደ። ከጠቡ የተነሳ ሰው ሞተ፣ ገዳዩም ተሰቀለ። ኦኮንክዎ ነጩ ስለ መሬት ያለንን ልማድ ያውቃል ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ኦቢዬሪካ ቋንቋችንን እንኳን የማይናገር እንዴት ያውቃል ይለዋል። የ10ኛውን ምዕራፍ ችሎት ከዚህኛው ጎን ያስቀምጡት። ያኛው ጎዶሎ ነበር፤ ግን ሁለቱንም ወገን ሰምቶ፣ በሚያውቁት ቋንቋ፣ በሚያውቁት ሕግ ፈረደ።

ስድስቱ ሽማግሌዎች ደግሞ አሉ። የአውራጃው ኮሚሽነር ለውይይት ብሎ ጠራቸው። ለመነጋገር የተቀመጡትን ሰዎች ካቴና አስገባባቸው። መልእክተኞቹ ፀጉራቸውን ላጯቸው፣ አስራቧቸው፣ ገረፏቸው። ኮሚሽነሩ የጣለው ቅጣት 200 ከረጢት ዛጎል ነበር። መልእክተኞቹ ለመንደሩ 250 ብለው ተናገሩ። ሃምሳው ለኪሳቸው ነው። አቼቤ ይህን ሃምሳ የጻፈው ለጌጥ አይደለም። አዲሱ አገዛዝ እላይ ሕግ፣ እታች ዘረፋ እንደነበር በአንድ ቁጥር አሳየን። በምሥራቅ ናይጄሪያ በ1929 እ.ኤ.አ. ሴቶች በአስር ሺዎች ወጥተው እንግሊዞች በሾሟቸው ሹማምንትና በግብር ላይ ሲያምፁ ይህ ዓይነቱ ቁስል ዓመታት የቆየ ነበር።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። መንትዮቹን ከጫካ ያወጣውና ሽማግሌዎቹን በካቴና ያሰረው ኃይል አንድ ላይ ነው የመጣው። አንዱን በሌላው ማወራረድ አይቻልም። የተረፉት ሕፃናት የአባሜን ሙታን አያካክሱም። የአባሜ ሙታንም የተጣሉትን ሕፃናት ትክክል አያደርጉም። መጽሐፉ ሒሳቡን ዘግቶ አይሰጥዎትም። እርስዎን ያሳፈረዎት ስሜት ሒሳቡን ቶሎ መዝጋት ከመፈለግ የመጣ ይመስለኛል።

ቅኝ ላልተገዛን ምን ይለናል ላሉት፣ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መነሻ አለው። ይህ ክርክር በእኛው ላይ ተሞክሯል። በመስከረም 1935 እ.ኤ.አ. ፋሺስት ጣሊያን ለመንግሥታት ማኅበር ረጅም ሰነድ አቀረበች። ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት አለ፣ ይህች አገር ከሠለጠኑት ጋር መቀመጥ አይገባትም አለች። ባርነት ነበር። ውሸት አልነበረም። አገሪቱ በ1923 እ.ኤ.አ. የማኅበሩ አባል ስትሆንም ልታስወግደው ቃል ገብታ፣ አዋጅ ማውጣትም ጀምራ ነበር፤ ግን ገና አላለቀም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጣሊያን ወረረች። ከዚያ የመርዝ ጋዙ ዘነበ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ማንም አይረሳም። እውነተኛ በደል ለሌላ በደል እንዴት ሰበብ እንደሚሆን ለማወቅ ኢግቦ መሆን አያስፈልግም። በባርነት ለነበረው ሰው የነጻነት ወሬ እፎይታ ቢሆንበት ማን ይፈርድበታል? ያ እፎይታ ግን የግራዚያኒን ሥራ ንጹሕ አያደርገውም።

ሌላም ማስረጃ በእጃችን አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። የጎጃምን ባላባት ጭካኔ፣ የዘር ኩራቱን፣ የገበሬውን መከራ ያለ ርኅራኄ አሳዩን። ጉዱ ካሣን ከባላባቶቹ መሀል አስነስተው ሥርዓቱን አስተቹት። እኒህ ሰው ከራስ እምሩ ጋር ሆነው ጣሊያንን የተዋጉ፣ ተማርከውም ጣሊያን አገር ለዓመታት የታሰሩ ናቸው። የገዛ አገራቸውን ጉድ ስለጻፉ «ጣሊያንን አጸደቁ» ያላቸው ሰው አላውቅም። ለሐዲስ የሰጠነውን ለአቼቤም መስጠት ነው። አገሩን የሚወድ ሰው የአገሩን ቁስል ይጽፋል።

ማዘን ነበረብኝ ወይ ላሉት፣ ማዘን ግዴታ አይደለም። ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ ለማን እንደሚያዝኑ እያሰቡ ደግመው ያንብቡት። ኦኮንክዎ የፍርድ ቤቱን መልእክተኛ በገጀራ ከቆረጠው በኋላ ሕዝቡ አልተነሳም። ለምን አደረገው ሲሉ ሰማ። ራሱን ሰቀለ። በባህሉ ራስን ማጥፋት ምድርን ማርከስ ነው፤ ወገኖቹ ሊቀብሩት አይችሉም። ሥርዓት ባለው መንገድ ያልተቀበረውን አባቱን ሲሸሽ ኖሮ መጨረሻው ያው ሆነ። ኦቢዬሪካ፣ ያ የማይቸኩለው ሰው፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ኮሚሽነሩን በቁጣ ተናገረው። ኮሚሽነሩ ራሱ ሊጽፈው ስላሰበው መጽሐፍ እያሰላሰለ ሄደ። ይህ ሰው ምዕራፍ ሊወጣው ይችላል አለ፤ ምዕራፍ እንኳን ባይሆን አንድ ደህና አንቀጽ። የመጽሐፉንም ርዕስ መርጧል፤ በታችኛው ኒጀር የሚኖሩ ኋላቀር ጎሳዎችን ስለ ማረጋጋት።

እኛ ደግሞ 24 ምዕራፍ ሙሉ ከሰውዬው ጋር ኖረናል። ረግመነዋል፣ ሌሊት ወደ ዋሻው ሲመላለስ አይተነዋል። የሚያስለቅሰኝ እሱ መሞቱ ሳይሆን ያ ሁሉ አንድ አንቀጽ መሆኑ ነው። ኦኮንክዎን እየጠሉም ይህን ማዘን ይቻላል።

አሁን ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች። ይህን ልብወለድ «አፍሪካ እንዲህ ነበረች» ብለው አያንብቡ። ዘጠኝ መንደሮች ናቸው፣ አንድ ጸሐፊ ነው። የኢግቦ ሕዝብ ራሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የሴቶቹ አሳሳል ላይ ያለዎትን ቅሬታ ደግሞ «ዘመኑ ነው» ብሎ የሚያጣጥል ካለ አይቀበሉት። የኦኮንክዎ የመጀመሪያ ሚስት እስከ መጨረሻው ድረስ የንዎዬ እናት ብቻ ነች፤ ስም የላትም። የሴት ተመራማሪዎች ይህን ሲያነሱ ቆይተዋል፤ ልክ ናቸው። መጽሐፉ ስለ ወንድነት ብዙ ያውቃል። ስለ ሴቶቹ የውስጥ ኑሮ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከቡድናችሁ ውስጥ ልጅ ያጣ ወይም ራሱን ያጠፋ ዘመድ ያለው ሰው ሊኖር ይችላልና 7ኛውንና 25ኛውን ምዕራፍ ከማንበባችሁ በፊት አሳውቁ።

ምክሬ ይህ ነው። ለውይይቱ ሙሉውን መጽሐፍ እንደገና አያንብቡ። 10ን፣ የ13ን መጨረሻ፣ 15ን፣ 16ን፣ 20ንና 25ን ብቻ ያንብቡ። ሲያነቡ ዓይንዎን ከኦኮንክዎ ላይ ያንሱና ኦቢዬሪካን ይከተሉ፤ የሚናገረውንም የሚተወውንም በእርሳስ ያስምሩ። ባህሉን የሚወድ፣ የሚጠራጠር፣ ወዳጁን የማይክድ፣ ገዢውንም የማይለማመጥ ሰው እሱ ነው። ውይይቱን «ኦኮንክዎ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም» በሚል አይክፈቱት፤ አሥር ደቂቃ ጮኻችሁበት ያልቃል። ኦቢዬሪካ መንትዮቹን ራሱ ጥሎ ለምን እንደገና አሰባቸው፣ ካሰበስ ለምን ምንም አላደረገም በሚለው ጀምሩ።

ቀጥሎ የሚያነቡትን ከጠየቁኝ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአቼቤን «አሮው ኦፍ ጎድ» እመርጣለሁ። እንግሊዞች ሹም ሊያደርጉት ጠርተው እምቢ ስላለ ያሰሩትን ካህን ታሪክ የያዘ ነው፤ ከዚህኛው ይከብዳል፣ በእኔ ግምት ይበልጠዋልም። ለሴቶቹ ጥያቄ ግን ወደ አቼቤ አይመለሱ። ፍሎራ ንዋፓ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን «ኤፉሩ»ን ይያዙ፤ ያው የኢግቦ አገር ነው፣ በሴት ዓይን። ጊዜ ካልዎት ከውይይቱ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ምዕራፎች ያንብቡና የ10ኛው ምዕራፍ ችሎት ላይ ስትደርሱ አብረው ያንሷቸው።